አንዱን ብጠይቅህ ሦስት ጨመርክብኝ፦ የኤሌክትሮኒክስና የኮምፒውተር ቃላትን እንዴት እናስረዳ?

የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በውጭ አገር አጠናቅቄ በተመለስኩበት ዓመት ለበዓል ወደ ትውልድ መንደሬ ሄጄ ነበር። ቡና ተፈልቶ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሳለ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ “ለመሆኑ ያን ሁሉ ዓመት ከአገር ርቀህ የተማርከው ስለምን ነበር?” ሲሉ ጠየቁኝ። “ስለ ሰሚኮንዳክተር ነው፣ አባባ” አልኳቸው። “እርሱስ ምንድን ነው?” አሉ። እኔም ሳላመነታ፣ “በቫሌንስ ባንዱና በኮንዳክሽን ባንዱ መካከል ጠባብ ክፍተት ያለው ክሪስታል ነው” ስል መለስኩ። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ፈገግ አሉና፣ “አንዱን ብጠይቅህ ሦስት ጨመርክብኝ” አሉኝ። በቤቱ የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሌሊቱን ግን ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። አጎቴ ያልተማሩ ስለሆኑ አልገባቸውም ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ፤ ይሁን እንጂ አልሆነልኝም። እውነቱ ሌላ ነበር። እኔ ያንን ቃል ለዓመታት ስጽፈውና ስናገረው የኖርኩ ብሆንም፣ ሌላ የባዕድ ቃል ሳልደግፍበት ልናገረው አልቻልኩም ነበር። በማግስቱ ጠዋት የመስኖ ማሳቸውን ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ወረዱ። በቦዩ ዳር ቆመን ሳለ እንደገና ሞከርኩ።

“መዳብና ብረት ኮረንቲን እንደ ልብ ያሳልፋሉ። ደረቅ እንጨትና ፕላስቲክ ግን አያሳልፉም ሊባል ይቻላል። ሲሊከን የሚባለውና ከአሸዋ የሚወጣው ነገር በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ንጹሕ ሲሆን የሚያሳልፈው ጥቂት ነው፤ ፎስፎረስ ወይም ቦሮን የተባለ ባዕድ ነገር እጅግ በጥቂቱ ሲጨመርበት ግን በፈለግነው መጠን እንዲያሳልፍ ማድረግ እንችላለን። እንዲህ የተዘጋጀውን ሦስት ንብርብር አድርገን ስንሠራው፣ እርስዎ በቦዩ አፍ ላይ እንደሚያኖሯት ድንጋይ ይሆንልናል። በትንሽ ነገር ብዙውን ፍሰት እንከፍትበታለን፣ እንዘጋበታለን። ይህም ትራንዚስተር ይባላል።”

አጎቴ ቦዩን እያዩ ቆዩና፣ “ድንጋይዋንስ ማን ያነሳታል?” ሲሉ ጠየቁኝ።

“ሌላ ትንሽ ኮረንቲ” አልኳቸው።

ይህ ጥያቄ የነገሩን እምብርት የሚነካ ነው። አንዱ ኮረንቲ የሌላውን ኮረንቲ በር የሚከፍት ከሆነ፣ የተከፈተው ደግሞ የሦስተኛውን በር ሊከፍት ይችላል፤ ሦስተኛው የአራተኛውን። ኮምፒውተር የምንለው መሣሪያ የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ከብዙ ተማሪዎቼ ያልሰማሁትን ጥያቄ ከአንድ አርሶ አደር የሰማሁት ነገሩ በሚያውቁት ቋንቋና በሚያውቁት ቦይ ስለ ቀረበላቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ስሙ ራሱ ግን ይህን ሁሉ አይነግረንም። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 በቤል ላቦራቶሪ ሲሠራ መጠሪያ አልነበረውም። ስሙን ያወጣለት በዚያው ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ጆን ፒርስ ሲሆን፣ “ማስተላለፍ” እና “መግታት” የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ቆርጦ ነው የቀጠለው። ባርዲን፣ ብራቴንና ሾክሊ እ.ኤ.አ. በ1956 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ስለ ሥራው እንጂ ስለ ስሙ አይደለም። ስም ማወቅ ነገሩን ማወቅ አይደለም የምለውም ከዚህ ተነስቼ ነው።

ቃላት በቤታችን

የባዕድ ቃል መዋስ አዲስ ነገር አይደለም፤ ነውርም አይደለም። “ኮረንቲ” ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የሚፈስ ማለት ነው። “ስፒና”ም እንዲሁ ጣልያናዊ ነው። “ስልክ” ደግሞ ከዐረብኛ የተወሰደና በጥንተ ትርጉሙ ሽቦ ማለት የሆነ ቃል ነው፤ ዛሬ ያለ ሽቦ የሚሠራውን መሣሪያ በኪሳችን ይዘን “ስልክ” ስንል ማንም አይደናገርም። በሌላ በኩል ሕዝቡ ራሱ ያወጣቸው ግሩም ስሞች አሉ። “ቆጣሪ” እና “ማብሪያ ማጥፊያ” የነገሩን ሥራ በግልጽ የሚናገሩ ናቸው። “ድረ ገጽ” የተባለውም ቃል ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ተፈጥሮ በሚገባ ሥር ሰድዷል።

በመሆኑም ቃሉ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ያን ያህል አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ቃሉ መጥቶ ነገሩ ሲቀር ነው። ለምሳሌ ያህል በአገራችን ብዙ ሰው “ሲፒዩ” የሚለው ከጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠውን የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ሲፒዩ ግን በሣጥኑ ውስጥ፣ ከማቀዝቀዣው ሥር የተቀመጠው፣ ስፋቱ ከመዳፍ የሚያንሰው፣ ትእዛዝ እየተቀበለ ስሌቱን የሚያካሂደው ክፍል ብቻ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስለን። ኮምፒውተሩ አልበራም ያለ ሰው “ሲፒዩው ተቃጥሏል” ሲባል ሣጥኑን በሙሉ ሊጥል ይችላል፤ የተበላሸው ግን በርካሽ የሚተካው የኃይል ማከፋፈያው ሊሆን ይችላል። ቃሉን በትክክል የማያውቅ ሰው ሊጠይቅም ሊከራከርም አይችልም።

“ሚሞሪ” የተባለው ቃልም እንዲሁ ሁለት ነገሮችን አደባልቋል። እናቶቻችን እህሉን በጎታ ያስቀምጣሉ፤ ሊያበጥሩት የፈለጉትን ያህል ብቻ ቀንሰው በሰፌድ ይይዛሉ። ዲስክ ወይም ፍላሽ የጎታው፣ ራም የተባለው ደግሞ የሰፌዱ ቢጤ ነው። ሲፒዩው ከጎታው በቀጥታ አይሠራም፤ የሚሠራበትን ወደ ሰፌዱ ያመጣል። ሰፌዱ ትንሽ ከሆነ ጎታው የቱንም ያህል ቢሞላ ሥራው ይንቀራፈፋል። ሆኖም ምሳሌው የሚያበቃበትን ቦታ መናገር ግድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ከሰፌድ ላይ እህል አይጠፋም፣ ከራም ላይ ግን ያልተቀመጠው ጽሑፍ ይጠፋል።

ሙሉ ነጥብ ያገኘው ተማሪ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የደረሰ አንድ ነገር ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ አስገድዶኛል። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ያረጀ ኮምፒውተር የኃይል ማከፋፈያ ፈትቶ ሲመረምር በኮረንቲ ተመታ። እጁን ወርውሮ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ከመቁሰል በቀር የከፋ ነገር አልደረሰበትም። እየተንቀጠቀጠ፣ “መምህር፣ ስፒናውን እኮ ነቅየዋለሁ!” አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ነቅሎታል።

የመታው ካፓሲተሩ ነው። ይህ ተማሪ ከሦስት ሳምንት በፊት በሰጠሁት ፈተና “ካፓሲተር ምንድን ነው?” ለሚለው ጥያቄ “ቻርጅ የሚያጠራቅም መሣሪያ ነው” የሚለውን መልስ በእንግሊዝኛ አሳምሮ ጽፎ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ነጥቡንም የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ለመሆኑ ያ ፍቺ ምን ጎደለው? በመጀመሪያ ነገር በጥብቅ ሲታይ ትክክል አይደለም። በካፓሲተር አንደኛው ሰሌዳ ላይ ፖዘቲቭ ቻርጅ ሲሆን በሌላው ላይ ያንኑ ያህል ኔጋቲቭ ነው፤ ሲደመር ዜሮ ይሆናል። የሚጠራቀመው ሁለቱን ለመለያየት የዋለው ኢነርጂ ነው። ተወጥሮ እንደ ተያዘ የወንጭፍ ጠፍር ልናስበው እንችላለን፤ የወጠረው እጅ ቢሄድም ጠፍሩ እንደ ተወጠረ ከተያዘ ድንጋዩ ይወረወራል። ስፒና መንቀል እጁን ማራቅ እንጂ ጠፍሩን ማላላት አይደለም።

ሁለተኛ፣ በፍቺው ውስጥ መጠን የለም። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው ስንል ቮልቴጁ በሰከንድ 50 ጊዜ ከፍና ዝቅ እያለ የሚሠራውን ሥራ የሚወክል ቁጥር መናገራችን ነው። ጫፍ ሲደርስ ግን ወደ 311 ቮልት ይጠጋል። ኮረንቲው በሬክቲፋየር በኩል አልፎ ካፓሲተሩን ሲሞላ የሚሞላው እስከዚያ ጫፍ ነው። ለአብነት 470 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር በ311 ቮልት ሲሞላ 23 ጁል ገደማ ይይዛል። ይህም አንድ ኪሎ ግራም ዕቃ ከሁለት ሜትር በላይ ሽቅብ ለማንሳት የሚበቃ ነው፤ ካፓሲተሩ ግን ያንን ኢነርጂ በቅጽበት ሊለቀው ይችላል። ተማሪው ይህን ስሌት መሥራት ያውቅ ነበር። ስሌቱ በጠረጴዛው ላይ ስላለው ሲሊንደር መሰል ነገር እንደሚናገር ግን አላወቀም።

ሦስተኛ፣ በፍቺው ውስጥ ጊዜ የለም። ካፓሲተር የያዘውን የሚለቀው መውጫ መንገድ ሲያገኝ ነው። መንገዱ ጠባብ ከሆነ በዝግታ፣ ሰፊ ከሆነ በቅጽበት ይለቃል። መንገድ የሚሆነው ሬዚስተር ከሌለ ወይም ከተቃጠለ ለረጅም ጊዜ እንደ ተሞላ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከተነቀለ በኋላም ቢሆን ሙያው ያለው ሰው በመልቲሜትር ለክቶ ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጥ እጅ አይገባበትም። ይህን የምትነግር አንዲት የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ከዚያ ፈተና ሁሉ ትበልጥ ነበር።

ቢትና ባይት፤ ኪሳችንን የሚነኩ ቃላት

አደጋ ባያስከትሉም ገንዘብና ጊዜ የሚያስወጡ ቃላት ደግሞ አሉ። “ቢት” ማለት ሁለት ምርጫ ያለው ነገር የሚይዘው ትንሹ የመረጃ መጠን ነው፤ በራ ወይም ጠፋ፣ አዎ ወይም አይደለም። ቃሉ በጽሑፍ የታወቀው ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት ሲሆን፣ እርሱም ሐሳቡን ያቀረበው ጆን ቱኪ መሆኑን በዚያው ገልጿል። “ባይት” የተባለው ቃል እ.ኤ.አ. በ1956 ከአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲሱ ቨርነር ቡኽሆልዝ የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ ስምንት ቢት ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱ በምሕጻር ሲጻፉ የሚለዩት በትንሹና በትልቁ ፊደል ብቻ ነው። በፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለ ቃሉን አሟልተን እንድንጽፍ እንገደዳለን፤ ይህም በእኔ አስተያየት ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው።

የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በቢት፣ የፋይል ስፋት ግን በባይት ነው። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚያመጣ መስመር በእርግጥ የሚያመጣው አንድ ሜጋባይት ነው። 700 ሜጋባይት የሆነ ፊልም በዚያ መስመር ለመውረድ 11 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ሁለቱን ቃላት ያደባለቀ ሰው ግን በአንድ ደቂቃ ተኩል ያልቃል ብሎ ይጠብቃል። እንዲሁም 64 ጊጋባይት ተብሎ የተገዛ ፍላሽ በኮምፒውተር ሲታይ 59.6 ቢል “ተታለልኩ” የሚል ብዙ ነው። ሻጩ ጊጋ ሲል አንድ ሺህ ሚሊዮን ማለቱ ነው፤ ዊንዶውስ ግን በሺህ ፋንታ በ1024 እያባዛ ይቆጥራል። ይህን ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1998 ኪቢ፣ ሜቢና ጊቢ የተባሉ ስሞች ቢወጡም በተራው ተጠቃሚ ዘንድ ገና አልተለመዱም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የአጭር መልእክት ጉዳይ ነው። በላቲን ፊደል 160 ሆሄያት የሚይዘው አንድ መልእክት በአማርኛ ሲጻፍ 70 ላይ የሚያበቃው ለምንድን ነው? አንድ መልእክት 140 ባይት ማለትም 1120 ቢት ይይዛል። ለእያንዳንዱ የላቲን ሆሄ 7 ቢት ይበቃልና 1120 ለ7 ሲካፈል 160 ይሆናል። የእኛ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተቱ ከላቲኑ ራቅ ያለ ቦታ ይዘዋል፤ ለምሳሌ የ“ሀ” ቁጥር 4608 ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር በ7 ቢት ስለማይጻፍ 16 ቢት ይመደብለታል፤ 1120 ለ16 ሲካፈል 70 ነው። እንግዲህ “ቢት” በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ ቃል ሳይሆን፣ የበዓል መልካም ምኞታችንን ለሁለት የሚከፍለው ነገር ነው።

መተርጎም ብቻውን አይበቃም

ከዚህ በመነሳት “እንግዲያውስ ቃላቱን ሁሉ ወደ አማርኛ እንተርጉማቸው” የሚል ይኖራል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ሊቀጥልም ይገባዋል። ሆኖም ትርጉምም ቢሆን ማስረዳትን አይተካም። “ኃይል” የሚለው ቃላችን በዕለት ንግግር ፎርስን፣ ፓወርንና ኢነርጂን አንድ ላይ ያቅፋል። ቆጣሪው የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ኢነርጂ ነው፤ በምጣዱ ላይ የተጻፈው ኪሎዋት ግን ፓወር ነው። ሁለቱንም “ኃይል” ብሎ ያለፈ መምህር፣ ሦስት ኪሎዋት የሆነ ምጣድ አንድ ሰዓት ቢሠራ ስንት ይቆጥራል ሲባል መልሱ ለምን ሦስት እንደሆነ ሊያስረዳ አይችልም። “መረጃ” የሚለውም እንዲሁ ዳታንና ኢንፎርሜሽንን ሳይለይ ይጠቀልላቸዋል። ስለዚህ የአማርኛ ቃልም ሳይብራራ ከቀረ እንደ ባዕዱ ሁሉ ባዶ ዕቃ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከተማሪዎቼ የምሰማው ነው። “ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የምንቀጠረውም በእንግሊዝኛ ነው፤ በአገር ቋንቋ ማስረዳት ምን ይጠቅመናል?” ይሉኛል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኔም ምርምሬን የማሳትመው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህን ቋንቋ በሚገባ ያልያዘ የሳይንስ ተማሪ መንገዱ ይጠብበታል። ነገር ግን በምንማርበት ቋንቋና በምናስብበት ቋንቋ መካከል ድልድይ ካልተሠራ፣ ፍቺው በወረቀቱ ላይ ይቀርና እጃችን ወደ ካፓሲተሩ ይሄዳል። ይህን ስል አማርኛን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ኦሮምኛም፣ ትግርኛም፣ ሶማልኛም፣ ሲዳምኛም ሆነ ሌላው ቋንቋችን ያው ነው።

ሦስት ጥያቄዎች

በበኩሌ አንድን ሙያዊ ቃል አውቃለሁ ከማለቴ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ለራሴ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ምን ይሠራል? ሁለተኛ፣ በምን ይለካል፣ በዕለት ኑሮዬስ ስንት ይሆናል? ሦስተኛ፣ ምን አይደለም?

በስልክ ቻርጀር ላይ እንሞክረው። “5 ቮልት፣ 2 አምፔር” የሚል ተጽፎበታል። ሥራው የግድግዳውን 220 ቮልት ዝቅ አድርጎ ለስልኩ በሚስማማ መልክ ማቅረብ ነው። መጠኑ ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ 10 ዋት ይሆናል። ምን አይደለም? 2 አምፔር የሚለው በግድ ወደ ስልኩ የሚገፋ መጠን አይደለም፤ ቻርጀሩ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ ልክ ነው። ስልኩ የሚወስደው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በደንብ የተሠራና ቮልቴጁ የሚስማማ እስከሆነ ድረስ፣ “አምፔሩ ስለበዛ ስልኬን ያቃጥልብኛል” የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። ሊያሳስበን የሚገባው የማይስማማ ቮልቴጅ ነው።

እኔም ከዚያ አደጋ ወዲህ አሠራሬን ቀይሬያለሁ። የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ለአንድ ቃል ብቻ የተሰጡ ናቸው። ተማሪዎች በሚግባቡበት ቋንቋ፣ ሌላ ሙያዊ ቃል ሳይጨምሩ እርስ በርስ ያስረዳሉ። በፈተናም ላይ ፍቺ ብቻ የሚጠይቅ ጥያቄ ማውጣት ትቻለሁ። የሥራ ባልደረቦቼም ይህን ቢሞክሩት የሚያጡት አምስት ደቂቃ ብቻ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ለእናንተም አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ዛሬ ማታ በዚህ ሳምንት ከተማራችሁት አንድ ቃል መርጣችሁ ለእናታችሁ፣ ለታናሽ እህታችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ አስረዱ። አድማጩ “ጎበዝ፣ በርታ” ብሎ ካለፈ ገና ነው፤ ነገ እንደገና ሞክሩ። “ድንጋይዋንስ ማን ያነሳታል?” ዓይነት ጥያቄ ከጠየቃችሁ ግን አስረድታችኋል ማለት ነው። መልሱ ከጠፋችሁም አትፈሩ፤ በማግስቱ ወደ ክፍል ይዛችሁልን ኑ።